የአናሎጂ ጥያቄ በሎጂክ ፈተና ላይ፦ ከማንበብ እስከ መልስ፣ ደረጃ በደረጃ

ሁለት ነገሮች ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ በአንዱ ላይ የታየው በሌላውም ላይ ይታያል። አናሎጂ በአጭሩ ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ እያሰብን ስለምንውል ቀላል ይመስለናል። ፈተና ላይ ግን ጎበዝ ተማሪዎች ሳይቀሩ ነጥብ ይጥሉበታል። "ይመሳሰላሉ ወይ?" የሚለውን ጠይቀው ያቆማሉ። የፈተናው ጥያቄ ግን አንድ እርምጃ ይቀጥላል፦ የሚመሳሰሉበት ነገር ለዚህ ድምዳሜ ምን ይፈይዳል? ከታች ያለው ሁሉ ይህችን ጥያቄ በትክክል መጠየቅና መመለስ እንድትችሉ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

አናሎጂ በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው የቃላት ዝምድና ነው። ሁለት ቃላት ይሰጧችኋል፤ እናንተ በዚያው መንገድ የሚዛመዱ ሌሎች ሁለት ቃላት ትፈልጋላችሁ። የአሜሪካው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ ይህን ዓይነት ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2005 አስቀርቶታል፤ የድኅረ ምረቃ መግቢያው ጂአርኢም በ2011 ተከትሎታል። የእኛ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ግን አፕቲትዩድ ላይ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ሙሉ ሙግት ነው። አንድ አጭር አንቀጽ ሁለት ነገሮችን አመሳስሎ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል፤ እናንተ ሙግቱን ታጠናክራላችሁ፣ ታዳክማላችሁ፣ ወይም ጉድለቱን ታወጣላችሁ። የአሜሪካው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ኤልሳትና የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያው ጂማት የሚፈትኑት በዚህ ነው። በተለይ ኤልሳት ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሎጂክ ጌም የሚባለውን የእንቆቅልሽ ክፍል አስቀርቷል። ነጥብ ከሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱ አሁን የሙግት ትንተና ናቸው። እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ ጥያቄዎቹ 25 ገደማ ናቸው። አሜሪካ ሆናችሁ ለሕግ ትምህርት የምትዘጋጁ ከሆነ ይህን ክፍል በደንብ መያዝ ያዋጣችኋል። አገር ቤት አንደኛ ዓመት ላይ የሎጂክ ኮርስ የወሰደ ሰውም "ደካማ አናሎጂ" የሚባለውን ፋላሲ (የአስተሳሰብ ስህተት) ያስታውሰዋል። ነገሩ ያው ነው።

የቃላቱን ዓይነት በአጭሩ ልጨርሰውና ወደ ዋናው እንግባ።

የቃላት ዝምድና፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ

ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት ሁለቱን ቃላት የሚያገናኝ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሥሩ። ለምሳሌ የተሰጣችሁ "ድርቅ ፦ ረሃብ" ነው እንበል። "ድርቅ ረሃብን ያስከትላል" ትላላችሁ። ምርጫዎቹ ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ "ጎርፍ ፦ ዝናብ"፣ "ሙቀት ፦ ብርድ"፣ "ቫይረስ ፦ ጉንፋን"፣ "ሥራ ማጣት ፦ ድህነት"።

"ሙቀት ፦ ብርድ" ተቃራኒ ነው፤ ይውጣ። "ጎርፍ ፦ ዝናብ" ምክንያትና ውጤት አለው፤ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ፈታኞች ይህችን ወጥመድ ይወዷታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ዓረፍተ ነገራችሁን በተሰጠው ቅደም ተከተል አንብቡት። አሁን ሁለት ቀሩ፤ ሁለቱም "ያስከትላል" በሚለው ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ በስሜት አትምረጡ። ዓረፍተ ነገሩን አጥብቡት፦ "ድርቅ የአንድ ነገር እጦት ነው፤ ሌላ እጦትን ሊያስከትል ይችላል።" ቫይረስ እጦት አይደለም። ሥራ ማጣት ግን እጦት ነው፤ ድህነትም እንደዚሁ። መልሱ ተገኘ።

ዘዴው ይኸው ነው። ሰፊ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ፤ ከአንድ በላይ ምርጫ ካለፈ አጥብቡ፤ ምንም ካላለፈ አስፉ።

አሁን ወደ ሙግቱ።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ አናሎጂ መሆኑን አረጋግጡ

ፈተናዎቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ጠቋሚ ቃላቱን በጆሯችሁ ያዙ፦ "ሲሚላርሊ"፣ "ላይክዋይዝ"፣ "ጀስት አዝ"፣ "አናሎገስ"። እነዚህ ሲመጡ ንቁ። ምልክት ሳይኖርም አናሎጂ ሊኖር ይችላል፤ አንቀጹ ስለ አንድ ጉዳይ ሲያወራ ቆይቶ ድምዳሜው ስለ ሌላ ጉዳይ ከሆነ መጠርጠር ነው።

ማንኛውም ማወዳደር ግን የአናሎጂ ሙግት አይደለም። "ልብ ደምን እንደ ፓምፕ ይገፋል" የሚል ዓረፍተ ነገር ለማስረዳት ብቻ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ንጽጽር ተነስቶ "ስለዚህ" የሚል ድምዳሜ ካልመጣ ሙግት የለም፤ ማዳከምም ማጠናከርም አያስፈልግም። ናሙና ወስዶ ስለ ሁሉም መደምደምም ሌላ ነገር ነው። አናሎጂ ከአንድ ወይም ከጥቂት ጉዳዮች ተነስቶ ወደ ሌላ አንድ ጉዳይ ይሻገራል።

ደረጃ 2፦ ሙግቱን በአራት ክፈሉት

አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ መጨረሻው አብረነው እንሂድ።

"ሀ ከተማ ባለፈው ዓመት በዋና መንገዷ ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር አሰመረች። ከዚያ ወዲህ የነዋሪዎቿ አማካይ የጉዞ ጊዜ ቀንሷል። ለ ከተማ በሕዝብ ብዛት፣ በመንገድ ስፋትና በመኪና ብዛት ከሀ ከተማ ጋር ትመሳሰላለች። ስለዚህ ለ ከተማም እንዲህ ዓይነት መስመር ብታሰምር የነዋሪዎቿ አማካይ የጉዞ ጊዜ ይቀንሳል።"

በማስታወሻ ወረቀታችሁ ላይ አራት ነገር ጻፉ። የታወቀው ጉዳይ፦ ሀ ከተማ። የሚገመተው ጉዳይ፦ ለ ከተማ። የተባለው መመሳሰያ፦ ሕዝብ፣ መንገድ፣ መኪና። የሚሻገረው ውጤት፦ የጉዞ ጊዜ መቀነስ።

ውጤቱን ስትጽፉ ቃሉን አትቀይሩ። "የነዋሪዎች አማካይ የጉዞ ጊዜ" እና "የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች የጉዞ ጊዜ" አንድ አይደሉም። "ትራፊክ ይሻሻላል" ብላችሁ ካሳጠራችሁት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ድምዳሜ ሆነ። የተሳሳቱ ምርጫዎች ብዙ ጊዜ የሚያነጣጥሩት እንዲህ በተቀየረ ድምዳሜ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ "ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጊዜ ካላችሁ እዚህ ላይ አውሉት።

በሀ ከተማ የጉዞ ጊዜ ለምን ቀነሰ? አንቀጹ አይነግራችሁም። እናንተ ግን መገመት ትችላላችሁ። አውቶቡሶቹ ከመኪናው መጨናነቅ ወጡ፤ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው ነበረ። ይህን አገናኝ ምክንያት ብለን እንጥራው። መመሳሰያውን ከውጤቱ ጋር የሚያስተሳስረው እሱ ነው።

አገናኙን ምክንያት ስታገኙ የትኛው መመሳሰል እንደሚፈይድ ወዲያው ይታያችኋል። ስንት ነዋሪ በአውቶቡስ ይሄዳል? አውቶቡሱን የሚያዘገየው መጨናነቅ ነው ወይስ ሌላ? መስመሩ ውስጥ የግል መኪና እንዳይገባ የሚቆጣጠር አለ? አንቀጹ እነዚህን አንዱንም አላነሳም። ያነሳው የሕዝብ ብዛት ለዚህ ድምዳሜ ብዙ አይጠቅምም። ሦስት መመሳሰያ ተደርድሮ አይተን ሙግቱ ጠንካራ መስሎን ነበር። አሥር ቢደረደርም አገናኙን ምክንያት ካልነካ ክብደት የለውም።

ይህ የፈተና ጨዋታ ብቻ አይደለም። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ገበያ ላይ ወጣ። ለእንስሳት በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶ ስላልገደላቸው ለሰውም አስተማማኝ ነው ተባለ። እርጉዝ ሴቶች ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 ከገበያ እስኪነሳ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። አይጥና ሰው ሁለቱም አጥቢ እንስሳት ናቸው፤ በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። ሆኖም አይጦች በፅንስ ላይ የሚደርሰውን የታሊዶማይድ ጉዳት ይቋቋማሉ፤ ጥንቸልና ዝንጀሮ ላይ ግን ይታያል። አዋቂ እንስሳ አለመሞቱም ስለ ፅንስ የሚናገረው ነገር የለም። መመሳሰሉ ብዙ ነበር፤ ለዚያ ድምዳሜ የሚያስፈልገው መመሳሰል ግን አልነበረም።

አገናኙ ምክንያት ሁልጊዜ የተፈጥሮ ሂደት ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ መርህ ነው። "ሕመምተኞች ችግራቸውን እንዳይደብቁ ሐኪም ምስጢራቸውን እንዲያወጣ መገደድ የለበትም። በተመሳሳይ ጋዜጠኛም የምንጩን ስም እንዲያወጣ መገደድ የለበትም" የሚል ሙግት ቢመጣ "ለምን?" የሚለው ጥያቄ ወደ መርህ ይወስዳችኋል፦ ሰው ምስጢሩ እንደሚጠበቅ ካላመነ ጠቃሚ መረጃ አይሰጥም። እንግዲህ የምትፈትኑት ይህ መርህ ለጋዜጠኛ ምንጭም ይሠራል ወይ የሚለውን ነው። ሐኪም ነጭ ጋውን መልበሱ፣ ጋዜጠኛ አለመልበሱ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ደረጃ 4፦ ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ ለዩና ምርጫዎቹን መዝኑ

ወደ አውቶቡሱ እንመለስ። እነዚህ ምርጫዎች ቀርበዋል እንበል።

"በሀ ከተማ አብዛኛው ነዋሪ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ በለ ከተማ አብዛኛው በግል መኪና ይሄዳል።" ይህ አገናኙን ምክንያት በቀጥታ ይመታል። እንዲያውም ለመኪና የሚቀረው መንገድ ስለሚጠብ የብዙዎቹ ጉዞ ሊረዝም ይችላል። የማዳከም ጥያቄ ከሆነ መልሱ ይኸው ነው።

"ሀ ከተማ ከለ ከተማ 200 ዓመት ቀድማ ተቆረቆረች።" ልዩነት ነው፤ ግን ከጉዞ ጊዜ ጋር ምንም አያገናኘውም። ብዙ ተማሪ "ልዩነት አገኘሁ" ብሎ ይህን ያጠቁራል። ልዩነት ሁሉ አያዳክምም።

"በለ ከተማ በአውቶቡስ የሚሄደው ሰው ድርሻ ከሀ ከተማ ይበልጣል።" ይህችን በጥንቃቄ ተመልከቱ። ይህም ልዩነት ነው። ሙግቱን ግን ያጠናክረዋል! መስመሩ በሀ ከተማ ከጠቀመ፣ ተሳፋሪ በበዛበት ከተማ የበለጠ ይጠቅማል። "ልዩነት ያዳክማል፣ መመሳሰል ያጠናክራል" የሚል ሕግ በቃላቸው የያዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

"መስመሩ በተሰመረበት ሰሞን በሀ ከተማ አዲስ የቀለበት መንገድ ተከፍቶ ነበር።" ይህ ስለ ለ ከተማ አንድም ቃል አይናገርም። ቢሆንም ሙግቱን ከሥሩ ይነቀንቀዋል፤ የጉዞ ጊዜውን የቀነሰው የቀለበት መንገዱ ሊሆን ይችላላ። ሁለቱ ከተሞች የቱንም ያህል ቢመሳሰሉ፣ የታወቀው ጉዳይ ራሱ ካልታወቀ የሚሻገር ነገር የለም።

"ሐ ከተማም መስመር አሰምራ ነበር፤ ምንም ለውጥ አላየችም።" ይህ ተቃራኒ ምሳሌ ነው። ጥንካሬው ሐ ከተማ ለለ ከተማ ባላት ቅርበት ይወሰናል። ከሌሎቹ የተሻለ ምርጫ ካለ ያንን ውሰዱ።

የማጠናከር ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የታወቁት ጉዳዮች መብዛት ይረዳል፤ እርስ በርስ መለያየታቸው ደግሞ የበለጠ ይረዳል። አምስት ከተሞች፣ ትልቅም ትንሽም፣ ሜዳማም ዳገታማም፣ ያንኑ ውጤት ካዩ፣ ለ ከተማ ከአንዷ በመሬት አቀማመጥ ብትለይ አያሳስበንም።

"ሙግቱ ምን ብሎ አምኖ ነው የተነሳው?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ከመጠን በላይ የጠነከረውን ምርጫ ፍሩት። "ሁለቱ ከተሞች በሁሉም ነገር ይመሳሰላሉ" የሚለው አያስፈልግም፤ ምንም ሁለት ከተማ በሁሉም ነገር አይመሳሰልም። መፈተሻው መገልበጥ ነው። ምርጫውን አሉታዊ አድርጉትና ሙግቱ ይፈርሳል ወይ ብላችሁ እዩ። "በለ ከተማ በቂ ሰው በአውቶቡስ ይሄዳል" የሚለውን ብትገለብጡት "በቂ ሰው አይሄድም" ይሆናል፤ ሙግቱ ፈረሰ። ስለዚህ ያስፈልገዋል።

የጉድለት ጥያቄ ላይ ትክክለኛው መልስ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ ደረቅ ቋንቋ ይጻፋል፦ "ሁለት ጉዳዮች በአንዳንድ ነገር ስለተመሳሰሉ ብቻ ለድምዳሜው ወሳኝ በሆነ ነገርም እንደሚመሳሰሉ አድርጎ ይወስዳል።" ከአንቀጹ ቃላት አንዱም ስለሌለበት እንዳትሸሹት።

በመጨረሻ የድምዳሜውን ልክ እዩ። አናሎጂ የሚሰጠው ግምት ነው። "ሊቀንስ ይችላል" ለመደገፍ ቀላል ነው። "በ20 በመቶ ይቀንሳል" ወይም "የግድ ይቀንሳል" ካለ ሙግቱ ላይ የሚከመረው ሸክም ይጨምራል፤ እናንተም የምታጠቁት ሰፊ ቦታ አገኛችሁ።

ደረጃ 5፦ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ

ኤልሳት ላይ ሁለት ሰው ተራ በተራ የሚናገርበት ጥያቄ አለ። ሁለተኛው ሰው ብዙ ጊዜ በአናሎጂ ይመልሳል። እነሆ፦

አልማዝ፦ "ይህን ሽሮፕ የወሰዱ የጉንፋን በሽተኞች ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ድነዋል። ስለዚህ ሽሮፑ ጉንፋን ያድናል።"

ከበደ፦ "እንደዚያማ ከሆነ ውኃ የጠጡ የጉንፋን በሽተኞችም አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ። ውኃ ጉንፋን ያድናል ልንል ነው?"

ከበደ ምን እያደረገ ነው? "ሽሮፑ አይሠራም" አላለም። ሽሮፑ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል። እሱ ያለው የአልማዝ አካሄድ ማንም ወደማይቀበለው ድምዳሜ ስለሚያደርስ አይታመንም ነው። ምርጫዎቹ ውስጥ "ድምዳሜው ሐሰት መሆኑን ያረጋግጣል" የሚል በእርግጠኝነት የምታገኙት ያህል ቁጠሩት፤ እሱን ተዉት። "በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ፣ ግን ድምዳሜው ተቀባይነት የሌለው ሙግት በማቅረብ አካሄዱን ይተቻል" የሚለውን ውሰዱ።

ደረጃ 6፦ "ከዚህ ሙግት ጋር የሚመሳሰለው የቱ ነው?"

ይህ ዓይነት ጥያቄ ራሳችሁን አናሎጂ ሠሪ ያደርጋችኋል። የሚፈለገው የአካሄድ መመሳሰል ነው። "ዶክተሮች ሁሉ ዲግሪ አላቸው። ሰናይት ዲግሪ አላት። ስለዚህ ሰናይት ዶክተር ናት" የሚል ቢቀርብላችሁ ርዕሱን አውልቃችሁ ጣሉት፦ መ ሁሉ ሠ ነው፤ ይህ ሠ ነው፤ ስለዚህ መ ነው።

አሁን ሁለት ምርጫ እንይ። "ነርሶች ሁሉ ዲግሪ አላቸው። ሰናይት ነርስ ናት። ስለዚህ ሰናይት ዲግሪ አላት።" ርዕሱ አንድ ነው፤ አካሄዱ ግን ሌላ ነው፤ እንዲያውም ትክክለኛ አካሄድ ነው። "አንበሳ ሁሉ ሥጋ ይበላል። ይህ እንስሳ ሥጋ ይበላል። ስለዚህ አንበሳ ነው።" መልሱ ይሄ ነው፤ ስህተቱ ሳይቀር ተደግሟል። ርዕሱ ከዋናው ጋር አንድ የሆነውን ምርጫ በጥርጣሬ እዩት።

ጊዜ ሲያጥር ከድምዳሜው ጀምሩ። ዋናው ድምዳሜ "ምናልባት" ካለ "የግድ" የሚሉት ምርጫዎች ይወጣሉ። "አብዛኛው" ካለ "ሁሉም" የሚሉት ይወጣሉ። የዓረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል ቢቀያየር ግን አያስጨንቃችሁ፤ ድምዳሜ መጀመሪያም ሊመጣ ይችላል።

ልምምዱ

በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በችኮላ የሚጠፋ ነጥብ ብዙ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ሰዓት ተለማመዱ። አራቱን ክፍሎችና አገናኙን ምክንያት በጽሑፍ አውጡ። ይህ እጃችሁ ላይ ሲለምድ ሰዓት አስገቡ። ኤልሳት ላይ ለአንድ ጥያቄ በአማካይ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያነሰ ነው ያላችሁ፤ በዚያ ፍጥነት መጻፍ የሚቻለው አገናኙን ምክንያት ብቻ ነው፤ የቀሩት በጭንቅላት ይያዛሉ። ለኤልሳት የሚዘጋጅ ሰው የፈተናው ባለቤት ድርጅት ሎውሀብ በሚለው ድረ ገጹ ላይ ከሚያቀርባቸው ነፃ ፈተናዎች ቢጀምር ጥሩ ነው። እውነተኛዎቹ ጥያቄዎች ሌሎች ሰዎች ከሠሯቸው ማለማመጃዎች ይልቅ ወጥመዳቸው የረቀቀ ነው።

ስህተት ስትሠሩ "መልሱ ሐ ነበር" ብላችሁ አትለፉ። የመረጣችሁት ምርጫ ለምን እንደሳባችሁ በአንድ መስመር ጻፉ፦ ከድምዳሜው ጋር የማይገናኝ ልዩነት ነበር? ድምዳሜውን ቀይሬ አንብቤ ነበር? ርዕሱ አታሎኝ ነው? ጥቂት እንደሠራችሁ አንዱ ምክንያት ደጋግሞ ሲመጣ ታያላችሁ። ቀጥሎ የምትለማመዱት እሱኑ ነው።

ፈተናው ላይ ሁለት ምርጫ መካከል ከተያዛችሁ አንቀጹን ከላይ ጀምራችሁ እንደገና አታንብቡ። ድምዳሜውን ብቻ ድጋሚ አንብቡ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ምርጫ "ይህ እውነት ቢሆን ያ ውጤት የመምጣት ዕድሉ ይቀየራል?" በሉ። የማይቀይረውን ሰርዙና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እለፉ።